ቡፌ ውስጥ የቆመው ቦርዶ፦ በስሏል ወይስ ሞቷል?

በአቃቂ ቃሊቲ ብዙ ቤት ሳሎን ውስጥ መስታወት ያለው ቡፌ አለ። ከሸክላ ሳህኖቹና ከሠርጉ ፎቶ አጠገብ፣ ውጭ አገር የሚኖር ልጅ ወይም ወንድም ለእረፍት ሲመጣ ይዞት የመጣ ወይን እንደታሸገ ቆሞ ይታያል። «ለትልቅ ቀን ይቀመጥ» ከተባለ ዓመታት አልፈዋል። ጠርሙሱ ላይ ቦርዶ የሚል ከተጻፈበትና ወይኑ ቀይ ከሆነ፣ ከቤተሰቡ አንዱ «ይሄ እኮ ሲቆይ ነው የሚጥመው» ማለቱ አይቀርም። አባባሉ የሚሠራላቸው ወይኖች አሉ፤ የማይሠራላቸው ግን በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ይህ ማብራሪያ የቆየ ቀይ ቦርዶ እጅዎ ሲገባ እንዴት እንደሚያዩት፣ እንደሚያሸቱት፣ እንደሚቀምሱትና በመጨረሻ እንዴት እንደሚፈርዱ ያስረዳል። ይህ ዕውቀት የሀብታሞች ብቻ ተደርጎ መታየቱ ያሳዝነኛል። በርበሬ ሲታጠን፣ ቅቤ ሲነጠር፣ ቡና ሲቆላ በጠረኑ ብቻ «ደረሰ» ወይም «አረረ» ብሎ የሚለይ ሰው ለዚህ ሥራ የሚሆን አፍንጫ አለው። የሚቀረው ሥርዓቱን ማወቅ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ጠርሙሱ ላይ እንዳለው ሁሉ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቦርዶ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ከተማና በዙሪያው ያለው የወይን አገር ስም ነው። ጋሮንና ዶርዶኝ የተባሉ ሁለት ወንዞች ተገናኝተው ዢሮንድ የሚባለውን ሰፊ ውኃ ይፈጥራሉ። በግራው ዳርቻ ሜዶክና ግራቭ አሉ፤ አፈራቸው ጠጠራማ ስለሆነ ሙቀት ይይዛል፣ ውኃ አያቁርም፣ ስለዚህም ዘግይቶ ለሚበስለው ካቤርኔ ሶቪኞን ለተባለው ወይን ይስማማል። በቀኙ ዳርቻ ሴንት ኤሚልዮንና ፖምሮል አሉ፤ እዚያ የሚበዛው ቀደም ብሎ የሚበስለውና ለስለስ ያለው ሜርሎ ነው። የቦርዶ ቀይ ወይን አብዛኛውን ጊዜ የእነዚህ ሁለቱና የካቤርኔ ፍራን ቅልቅል ነው። የግራው ዳርቻ ወይን በወጣትነቱ ጠንከርና ኮስተር ይላል፤ ለመብሰልም ረጅም ጊዜ ይፈልጋል።

አቃቂ ለፈረንሳይ ዕቃ እንግዳ አይደለችም። ከጅቡቲ የተነሣው የፈረንሳዮች ባቡር ሐዲድ በ1915 አቃቂ ደርሶ ነው ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ የገባው። በኋላ ደግሞ የቦርዶ ሰዎች እጅ ከዚያም ይበልጥ ቀረበ። ፒየር ካስቴል ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር በ1949 ቦርዶ ውስጥ ያቋቋመው ኩባንያ በ1998 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካን ገዛ፤ ቆይቶም ዝዋይ ላይ የወይን እርሻ ተክሎ በ2014 ሪፍት ቫሊና አካሺያ የተባሉ ወይኖቹን ለገበያ አቀረበ። በእርሻው ከተተከሉት መካከል ካቤርኔ ሶቪኞንና ሜርሎ ይገኙበታል። ይህ ለተማሪ ቀማሽ ትልቅ ጥቅም ስላለው ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ወይን ለምን ይቆያል? ቀይ ወይን የሚጠመቀው ከነልጣጩና ከነዘሩ ነው። ከልጣጩ ቀለም፣ ከልጣጩና ከዘሩ ደግሞ ታኒን የሚባል ነገር ይወጣል። ታኒን ማለት ሻይ ቅጠል ሲበዛና ብዙ ሲፈላ ድድንና ጉንጭን ጭምድድ የሚያደርገው ነው። ጥሩው ቦርዶ ከተጠመቀ በኋላ 225 ሊትር በሚይዝ የኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይቀመጣል፤ እንጨቱም የራሱን ታኒንና መዓዛ ይጨምርበታል። ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ባሉት ዓመታት የቀለሙና የታኒኑ ጥቃቅን ክፍሎች እርስ በርስ እየተያያዙ ይከብዳሉ፣ ሲከብዱም ይዘቅጣሉ። በዚህ የተነሣ ቀለሙ ይሳሳል፣ ጭምድድ ማድረጉ ይለዝባል፣ ከሥር አምቡላ ይቀመጣል። የትኩስ ፍሬው ሽታም ቀስ በቀስ ደርቆና ተደራርቦ ሌላ መዓዛ ይሆናል። መብሰል የምንለው ይህን ለውጥ ነው። ለውጡ ግን አይቆምም። ፍሬው እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ አንድ ቀን ያልቃል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ኮምጣጣ ቀይ ውኃ ነው።

ይህን ረጅም ጉዞ የሚችለው መጀመሪያውኑ ብዙ ፍሬ፣ ብዙ ታኒንና በቂ ኮምጣጣነት ይዞ የተነሣ ወይን ብቻ ነው። «ቦርዶ» ወይም «ቦርዶ ሱፔሪየር» ብቻ ተብሎ የተጻፈበት፣ በሱፐርማርኬት በብዛት የሚሸጠው ዓይነት በአብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። ሃያ ዓመት ቢያስቀምጡት ያረጃል እንጂ አይበስልም። የመንደር ስም ያለበት፣ ለምሳሌ ፖይያክ፣ ሴንት ዡልየን፣ ማርጎ፣ ሴንት ኤስቴፍ ወይም ፖምሮል የሚል ከሆነ ተስፋው ይጨምራል።

ስለ ደረጃ ሲወራ ደግሞ 1855 የሚለው ዓመት ሳይነሣ አይቀርም። በዚያ ዓመት ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛ ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ትርኢት የቦርዶ ወይኖች በደረጃ እንዲቀርቡ ጠየቀ፤ የቦርዶ የወይን ደላሎችም ሻቶ የሚባሉትን የወይን ርስቶች በጊዜው በነበራቸው ዋጋ መሠረት በአምስት ደረጃ ከፈሏቸው። በቀይ ወይን ዛሬ 61 ርስቶች በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። አንደኛ ደረጃ የያዙት ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎ፣ ኦ ብሪዮንና ሙቶን ሮትሺልድ ናቸው፤ የመጨረሻው ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ያደገው በ1973 ነው። ሴንት ኤሚልዮን የራሱ ደረጃ አለው፣ ፖምሮል ጭራሽ የለውም፤ ሆኖም ፔትሩስ የተባለው የፖምሮል ወይን በዓለም ላይ እጅግ ውድ ከሆኑት አንዱ ነው። ወይኑ ከተለቀመባቸው ዓመታት 1982፣ 1990፣ 2000፣ 2005፣ 2009፣ 2010 እና 2016 ጥሩ የነበሩ ሲሆን 2013 ለገበሬው ፈታኝ ነበር። ይህን ማወቅ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ደረጃውም ዓመቱም የሚናገሩት ወይኑ ከቦርዶ ሲወጣ ስለነበረው ነገር ነው። ከዚያ በኋላ በጠርሙሱ ላይ የደረሰውን አይናገሩም። ለእኛ አገር ሰው ትልቁ ጉዳይ ደግሞ እሱ ነው።

ስለዚህ ከመክፈትዎ በፊት ወይኑ የት እንደኖረ ይጠይቁ። ቦርዶ እንዲበስል የሚፈልገው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነና የማይለዋወጥ ቅዝቃዜ፣ ጨለማ፣ ጸጥታ፣ ቡሹ እንዳይደርቅም በጎኑ መጋደም ነው። የሳሎን ቡፌ ከእነዚህ አንዱንም አይሰጠውም። ብርሃን ይመታዋል። ቆሞ ስለሚኖር ቡሹ ይደርቅና ይኮማተራል፣ አየርም ያስገባል። ከሁሉም የከፋው ግን የሙቀቱ መዋዠቅ ነው። አቃቂ ቃሊቲ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ቀዝቃዛ ነው ብለን እንዘናጋለን። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ቀትር ላይ ግን የቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ ቤት ይጋላል። ወይኑ ሲሞቅ ይሰፋና ቡሹን ይገፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ይህ በየዕለቱ፣ ለዓመታት ሲደጋገም የትኛውም ሻቶ አይችለውም።

ጉዞውም የራሱ ጣጣ አለው። በሻንጣ በአውሮፕላን የመጣ ጠርሙስ ጉዞው በሰዓታት ያልቃል። በመርከብ የመጣው ግን ጅቡቲ ወደብ ላይ መውረድ አለበት፤ በዚያ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ኮንቴይነሩ በፀሐይ ላይ ቆይቶ፣ ከዚያ ብዙውን ጊዜ በጭነት መኪና የአፋርን በረሃ አቋርጦ ነው ወደ ሞጆና ወደ ቃሊቲ የሚደርሰው። በሱቅ መደርደሪያ ላይ አሮጌ ቦርዶ ካዩና ባለሱቁ በየትኛው ወር እንደገባና የት እንደተቀመጠ ሊነግርዎት ካልቻለ፣ ብዙ ገንዘብ እንዳያወጡበት እመክራለሁ።

ታሪኩን የሚነግርዎት ሰው ባይኖርም ጠርሙሱ ራሱ ይናገራል። የቦርዶ ጠርሙስ ትከሻ አለው። ወይኑ እስከ የት እንደደረሰ በብርሃን አንጻር ይመልከቱ። ሃያ ዓመት የሆነው ወይን አንገቱ ላይ ወይም አንገቱ ከትከሻው በሚገናኝበት አካባቢ መሆን አለበት። ወደ ትከሻው መሐል ከወረደ አየር ገብቷል ማለት ነው። አርባና ሃምሳ ዓመት ለሆነው ትንሽ መውረድ ይፈቀድለታል። ቡሹ ከአፉ ወጥቶ መሸፈኛውን ወደ ላይ ገፍቶ ከሆነ፣ ወይም ከመሸፈኛው ሥር የደረቀ፣ የሚያጣብቅ ወይን ካለ ወይኑ አንድ ጊዜ በኃይል ሞቋል። የተቀደደ ወይም የሻገተ ወረቀት ግን አያስደንግጥዎ፤ እርጥበት ያለበት ጥሩ ምድር ቤት ወረቀት ያበላሻል፣ ቡሽን ግን ይጠብቃል።

ለወደፊቱ የሚያስቀምጡት ካለ በኮንዶሚኒየምም ሆነ በግቢ ቤት ያለው ብልሃት አንድ ነው። ፀሐይ የማይመታው ግድግዳ ጋ፣ ከምድጃና ከፍሪጅ ጀርባ ርቆ፣ በቁም ሳጥን የታችኛው ክፍል ውስጥ በጋዜጣ ጠቅልሎ ማጋደም ነው። ቀን ላይ ወለል ከጣራ ይቀዘቅዛል።

አሁን የመክፈቻው ቀን መጣ እንበል። አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብለው ጠርሙሱን ያቁሙት፣ አምቡላው ከሥር ይጠራቀማል። መኪና ውስጥ ይዘውት ከዞሩ በኋላ በዚያው ቀን መክፈት ሥራውን ያበላሻል። የረጅም ዘመን ቡሽ ይሰባበራልና የቡሽ መክፈቻውን ቀስ አድርገው መሐሉ ላይ ያስገቡ፣ ሳይነቀንቁም ይሳቡ። ቡሹ ከተፈረከሰ ችግር የለውም፤ ሳሙና በማይሸት ንጹሕ ነጠላ ማጥለል ይቻላል። የጠርሙሱን አፍ ከውስጥም ከውጭም ይጥረጉ። ከዚያ ሻማ ያብሩና፣ የጠርሙሱ አንገት ከሻማው በላይ ሆኖ ብርሃኑ እንዲያሳልፍ አድርገው፣ ወይኑን ሳያቋርጡ በዝግታ ወደ ንጹሕ የመስታወት ጆግ ይገልብጡ። ጥቁር ጭረት ወደ አንገቱ መምጣት ሲጀምር ያቁሙ። የቀረው አንድ ሁለት ጉንጭ አምቡላ ነው፤ መራራ ስለሆነ ይተዉት። ወጣት ወይን አየር እንዲያገኝ ብሎ ለሰዓታት ጆግ ውስጥ ማቆየት የተለመደ ነው፤ በጣም ያረጀውን ግን ሊጠጡት ሲሉ ብቻ ይገልብጡት። ከብዙ ዓመት በኋላ ድንገት አየር ሲያገኘው መዓዛው በግማሽ ሰዓት ሊጠፋ ይችላል።

የሚጠጣበት ሙቀት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው። ማታ ከሆነ የአቃቂ ቤት ራሱ እዚያው አካባቢ ነው። ቀትር ላይ ከሆነ ሃያ ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ። ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ፣ እግር ያለው ይሁን፤ ከሲሶው በላይ አይሙሉት። ብርሌ ውብ ዕቃ ነው፣ ነገር ግን አንገቱ አፍንጫ አያስገባም፣ ወይኑንም አዙሮ ለማሽተት አይመችም።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። በዚያ ሰዓት ቡና አይቆላ፣ እጣንም አይጨስ። በእኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ይህን መከልከል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የሃያ ዓመት ወይን መዓዛ ደካማ ነው፣ የእጣን ጭስ በአንድ አፍታ ይሸፍነዋል። ወይኑ ይቅደም፣ ቡናው ይከተል። ሽቶ የተቀባም ሰው ትንሽ ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

መጀመሪያ በዓይን ነው። ነጭ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ያድርጉና ብርጭቆውን በላዩ ዘንበል አድርገው መሐሉንና ጠርዙን ያነጻጽሩ። ወጣት ቦርዶ እስከ ጠርዙ ድረስ ጥቁር ቀይ፣ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም የሚያደላ ነው። ሲበስል መሐሉ ጥልቅ ቀይ ሆኖ ይቆይና ጠርዙ የጡብ ቀለም ይይዛል፣ ከዚያም ወደ ብርቱካንማ ይሄዳል። ይህ የመብሰል ምልክት ነው እንጂ በሽታ አይደለም። መሐሉ ጭምር ቡናማ ሆኖ ብርሃን አልባ ከሆነ ግን ይጠርጥሩ። አምቡላው ተለይቶም ከደፈረሰ እንዲሁ።

ቀጥሎ ማሽተት ነው፤ ከሥራው ሁሉ ትልቁ እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ጣዕም የምንለው አብዛኛው ነገር የሚመጣው በአፍንጫ ነው። ብርጭቆውን ሳያንቀሳቅሱ አንድ ጊዜ በአጭሩ ያሽትቱ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ክብ እያዞሩ ያነቃቁትና እንደገና ያሽትቱ። ለብዙ ዓመት ታፍኖ የኖረ ወይን እንደተከፈተ ደስ የማይል፣ የታፈነ ሽታ ሊያወጣ ይችላል። አይድፉት። አሥር ደቂቃ ይጠብቁት፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠራል።

ከጠራ በኋላ ምን ይፈልጋሉ? በወጣትነቱ ቦርዶ የጥቁር እንጆሪ፣ የፕሪምና ከኦክ በርሜሉ የመጣ ቫኒላና የተጠበሰ እንጨት ይሸታል። ሲበስል ፍሬው አይጠፋም፣ ይደርቃል፤ ዘቢብና የደረቀ በለስ ወደ መምሰል ይሄዳል። በዚያ ላይ ሌላ ዓለም ይከፈታል፦ ደረቅ የትምባሆ ቅጠል፣ ያረጀ ቆዳ፣ ከዝናብ በኋላ የረጠበ የደን መሬት፣ እንጉዳይ። የግራው ዳርቻ ካቤርኔ ደግሞ በተለየ የሚታወቀው እርሳስ ሲቀረጽ በሚወጣው ሽታ ነው። አናጢ ቤት ጥድ ሲላግ የቆመ ሰው ይህን ሽታ ወዲያው ያውቀዋል። ከዚህ ዝርዝር ሁሉንም ማግኘት አይጠበቅብዎትም። ሁለት ሦስቱ አብረው መጥተው፣ ባሸተቱ ቁጥር ተራ እየቀያየሩ ከታዩ ወይኑ ሕያው ነው። የመጽሐፍ ቃል አይፈልጉ፤ የእናትዎን ጓዳ ካስታወሰዎት እሱን ይጻፉ።

ጉድለቶቹንም ማወቅ ያስፈልጋል። እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ጓዳ ከሸተተና ፍሬው ከደነዘዘ ጥፋቱ የቡሹ ነው፤ ትራይክሎሮአኒሶል የተባለ ውህድ በሊትር በጥቂት ናኖግራም እንኳ ወይኑን ያበላሻል። ጤና አይጎዳም፣ መድኃኒትም የለውም፣ ውዱንም ርካሹንም ጠርሙስ እኩል ይመታል። ተቆርጦ የዋለ ፖም ከሸተተ አየር በልቶታል። ኮምጣጤ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተተ ባክቴሪያ ሠርቶበታል። የተቀቀለ ማርማላታ ብቻ ከሸተተ ሙቀት ቀቅሎታል፤ በእኛ አገር የቆዩ ጠርሙሶች ላይ ከሁሉም አስቀድሜ የምፈራው ይህን ነው። የፈረስ ጋጣ የሚመስል ሽታ ብሬታኖማይሲስ ከሚባል እርሾ የሚመጣ ነው፤ ጥቂት ከሆነ በድሮዎቹ የቦርዶ ወይኖች ዘንድ የተለመደ ነበርና እንደየሰው ምርጫ ነው፣ ሲበዛ ግን ፍሬውን ይውጠዋል።

አሁን ይቅመሱ። ብዙዎቻችን ወይን የለመድነው በአክሱሚት ጣፋጭነት፣ ወይም በጠጅ ማር ነው። ቀይ ቦርዶ ደረቅ ነው፤ ስኳሩ ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ አልኮል ተለውጧል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጉንጭ «ኮመጠጠ» ሊያሰኝ ይችላል። በመጀመሪያው አይፍረዱ። ሁለተኛውን ጉንጭ አፍዎ ውስጥ ያንከባልሉት፣ በከንፈርዎ መካከል ትንሽ አየር ይሳቡበት፣ ከዚያ ይዋጡ ወይም ይትፉ። መትፋት ነውር አይደለም፤ የቡና ቀማሾችም ቀኑን ሙሉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ሲቀምሱ ምራቅዎን የሚያመጣው ኮምጣጣነቱ ነው። ድድዎን የሚያደርቀው ታኒኑ ነው። ጉሮሮ ላይ የሚሞቀው አልኮሉ ነው፤ በድሮዎቹ ቦርዶዎች 12 በመቶ አካባቢ ነበር፣ በአሁኖቹ 14 መድረሱ እየተለመደ ነው። በእነዚህ መካከል ፍሬው ይኖራል። በደንብ በበሰለ ወይን ውስጥ አንዱ ከሌላው ገንኖ አይወጣም፤ ታኒኑ እንደ ደቃቅ ዱቄት ለስልሶ ከፍሬው ጋር ይዋሃዳል። ከዋጡ በኋላ ደግሞ ጣዕሙ አፍዎ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ በልብዎ ይቁጠሩ። ተራ ወይን ወዲያው ይጠፋል። ትልቅ ወይን ከአሥር ሰከንድ በኋላም ይናገራል። እኔ በግሌ ከቀለሙም ከሽታውም ይልቅ ለዚህ ርዝመት ትልቅ ዋጋ እሰጣለሁ፣ በማከማቻ ብልሃትም በወረቀት ማስጌጥም ሊመጣ አይችልምና።

ፍርዱ ከዚህ ይወለዳል። ታኒኑ ጎልቶ ፍሬውን ከደበቀና ቀለሙም ገና ጥቁር ከሆነ ወይኑ አልደረሰም፤ ሌላ ጠርሙስ ካለዎት ያቆዩት። ሁሉም ተዋህዶ መዓዛው ከተደራረበ ደርሷል። ኮምጣጣነቱና ድርቀቱ ብቻ ቀርቶ መሐሉ ባዶ ከሆነ አልፏል። ከዚህ ሌላ ቁጥር ለሚፈልግ ከ20 ወይም ከ100 የሚሰጡ ነጥቦች አሉ፤ አሜሪካዊው ሮበርት ፓርከር ባለ 100 ነጥቡን ይዞ ስሙ የገነነው የ1982ቱን ቦርዶ ገና በበርሜል ሳለ በማወደሱ ነው። ለቤት ቀማሽ ግን ሦስት መስመር ማስታወሻ ከነጥብ ይበልጣል። እንደተከፈተ፣ ከሃያ ደቂቃና ከአንድ ሰዓት በኋላ ይቅመሱና ለውጡን ይጻፉ።

ከተቻለ ደግሞ ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልለው ይቅዱ። በ2001 የታተመ አንድ የቦርዶ ጥናት 54 የወይን ትምህርት ተማሪዎችን ይዞ ነበር። ነጭ ወይን፣ ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ ተደርጎ ሲሰጣቸው ተማሪዎቹ የገለጹት በቀይ ወይን ቃላት ነበር። ዓይን አፍንጫን ከመራ፣ ውድ ስም ያለበት ወረቀትም ምላስን መምራቱ አያስገርምም። ከፈረንሳይ መጣ ተብሎ የሞተ ወይን በፈገግታ መጠጣት ለማንም አይጠቅምም፤ ለእንግዳውም፣ ላመጣው ሰውም።

ስለ ምግቡ በአጭሩ፦ ዶሮ ወጥና የበሰለ ቦርዶ አይስማሙም። በርበሬ የአልኮሉን ሙቀት ያባብሳል፣ ረቂቁን መዓዛ ደግሞ ይደመስሳል። ሚጥሚጣ ያልበዛበት የበግ ጥብስ፣ የበግ አልጫ ወይም በጨው ብቻ የተጠበሰ ሥጋ ይስማማዋል። አየር የበላውን ወይን ለሥጋ መዘፍዘፊያ መጠቀም ይቻላል፤ በቡሽ የተበላሸውን ግን ድስት ውስጥ አይጨምሩት።

የበሰለ ቦርዶ ውድ ነው፣ እጅ ላይ የሚገባውም አልፎ አልፎ ነው። ልምምዱ ግን ወዲያው ሊጀመር ይችላል። የሪፍት ቫሊ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሜርሎ በአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች ይገኛሉ። ከአራት አምስት ወዳጅ ጋር ተዋጥተው ሁለቱን ይግዙ፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ጎን ለጎን ይቅዱና ኮስታራው የትኛው፣ ለስላሳው የትኛው እንደሆነ ይለዩ። የግራውና የቀኙ የቦርዶ ዳርቻ ልዩነት መነሻው እዚያ ውስጥ አለ። ያንን የለየ ሰው አሮጌ ቦርዶ ቢቀርብለት ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። እነዚህን የዝዋይ ወይኖች ግን አምቡላ እስኪያወጡ ልጠብቅ ብለው አያስቀምጧቸው፤ በወጣትነታቸው እንዲጠጡ የተሠሩ ናቸውና ከገዙ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ይጠጧቸው።